ቀኝ ስፖኪዮ፣ ግራ ስፖኪዮ

ውድ ወንድሜ ሉድቪክ፣

ይህን ወረቀት ያገኘኸው ከአባባ ኮት ሥር ነው። ኮቱ አልጋው ላይ ተዘርግቷል፣ ከረባቱም አጠገቡ አለ፤ ሲስተር ኮንሲልያ ልክ አንተ እንዳልካቸው ተኩሰው አስቀምጠውልሃል። አባባ ግን ክፍሉ ውስጥ የለም። አትደንግጥ። ኮሪደሩ ላይ እየሮጥክም የአረጋውያን ቤቱን መነኮሳት አታስጨንቅ። ከእኔ ጋር ነው፣ ደህና ነው፣ ምሳውንም በልቷል። የት እንዳለን እነግርሃለሁ፤ ግን መጨረሻ ላይ ነው። አሁን ብነግርህ ወረቀቱን ጥለህ ትወጣለህ፣ እኔ ደግሞ እንድታነበው እፈልጋለሁ። በስልክ ያልነገርኩህ ስለማውቅህ ነው። ገና አፌን ስከፍት ታስቀኝና የምናገረውን ታስረሳኛለህ፤ ከልጅነትህ ጀምሮ እንደዚያ ነህ።

ቀጠሮህ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንደሆነ አውቃለሁ። ከማን ጋር እንደሆነም አውቃለሁ። ሜልቦርን ካሉት ከአክስታችን ልጆች ጋር አይደለም።

ማክሰኞ የአባባ ልደት ነበር። አንተ ሥራ አለኝ ብለህ ቀረህ። እኔ ኬክ እንደማይወድ ስለማውቅ አይብ የተሞላ ትኩስ ፓስቲዚ ገዝቼ ሄድኩና አንዱ ላይ ሻማ ሰካሁበት። በጣም ሳቀ። ፍርፋሪው ሸሚዙ ላይ እየረገፈ፣ ለሲስተርም እያቀበለ፣ ደስ የሚል ቀን ነበር። ከዚያ «አባባ፣ አንድ ፎቶ ላንሳህ» አልኩና ስልኬን አነሳሁ።

ሳቁ ጠፋ። ወንበሩ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ቀስ ብሎ ፊቱን ወደ ቀኝ አዞረ። ቀስ ብሎ ወደ ግራ አዞረ። ቀና ብሎ ወደ ላይ አየ። ከዚያ ፈገግ አለ፤ የአባባ ፈገግታ ግን አልነበረም፣ ከንፈሩ ብቻ ነው የተንቀሳቀሰው። እንደዚያው እንደተገተረ ጠየቀኝ።

«አረንጓዴ ሆነ?»

«ምኑ ነው አረንጓዴ የሚሆነው?»

«ክቡ ነዋ።»

ፎቶውን አላነሳሁትም። ሲስተር «ጋሽ ናርዱ ደግሞ የፎቶ ነገር ያውቁበታል» ብለው ሳቁ፣ እኔም አብሬ የሳቅሁ መሰልኩ። ሉድቪክ፣ ያንን ክብ በዚህ ደሴት ላይ ከእኔ በላይ የሚያውቀው ሰው ያለ አይመስለኝም። ፊትህን ስልኩ ውስጥ ካለው ክብ መሃል ታስገባለህ፣ ዙር ይልሃል፣ ትዞራለህ፣ በሕይወት ያለህ ሰው እንጂ ፎቶ እንዳልሆንክ ሲያምን አረንጓዴ ይሆናል። እንጀራዬ ነው። በሳምንት ስንት ጊዜ ለስንቱ ቁማር ቤት እንደምዞር አታውቅም።

ወይም ታውቃለህ። በሥራዬ ስታፌዝ ኖረሃል። «እቱ፣ ዛሬ ደግሞ የትኛውን ሌባ አንደኛ አወጣሽው?» እያልክ። ስሊማ አምስተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጬ በክሪፕቶ ገንዘብ ቁማር የሚያጫውቱትን ድረ ገጾች አንድ በአንድ እከፍታለሁ፣ እንደ ማንም ተጫዋች ተመዝግቤ ጥቂት ሳንቲም አስገባለሁ፣ እጫወታለሁ፣ ከዚያ ገንዘቤን ላውጣ ብዬ እጠይቃለሁ፤ ያየሁትንም ጽፌ ለአንባቢ በሠንጠረዥ ደረጃ አወጣላቸዋለሁ። ዋናው ጉዳይ ማን መታወቂያ ይጠይቃል፣ መቼ ይጠይቃል የሚለው ነው። አንባቢም የሚፈልገው እሱን ነው፤ ስዊድናዊው አለቃዬም ያንን ዓምድ ከሠንጠረዡ መጀመሪያ ላይ ያስቀመጠው ለዚህ ነው። አንዳንዶቹ በር ላይ ይጠይቃሉ። መታወቂያህን አሳይ፣ ፊትህን አሳይ፣ አድራሻህን አሳይ ይሉሃል፤ ሰው ይሰለቻቸዋል፣ እኔ ግን አከብራቸዋለሁ። ሌሎቹ ሲገባ ማንንም አይጠይቁም። ስም ጻፍ፣ ግባ፣ ይሉሃል። ስታስገባ ወዳጅ ናቸው፣ ስትሸነፍም ወዳጅ ናቸው። ያሸነፍክ ቀን ነው «ለመሆኑ አንተ ማን ነህ?» የሚሉት።

አርማው አዞ የሆነው ከእነዚህ ከሁለተኞቹ ነው። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፣ አንተ ታውቀዋለህ። ስለ እሱ የጻፍኩትን በቃሌ አስታውሰዋለሁ። ሌሎቹ የፊት ማረጋገጫውን ቅደም ተከተል በየጊዜው ይቀያይራሉ፣ አንዴ ግራ፣ አንዴ ጨፍን፣ አንዴ ቁጥር አንብብ ይላሉ፣ ሰው ተለማምዶ እንዳይመጣ። አዞው ግን ሁልጊዜ ያው ነው፤ ቀኝ፣ ግራ፣ ወደ ላይ፣ ፈገግታ። ለጥንቃቄ ዝቅተኛውን ነጥብ የሰጠሁት በዚህ ምክንያት ነበር። እኔ ሰው እንዲርቀው ብዬ ጻፍኩት። አንተ አባባን የምታለማምድበት መመሪያ አደረግከው።

በአባባ ስም ተመዝግበህ የምትጫወተው፣ ፊቱም ያስፈለገህ ለምን እንደሆነ ገብቶኛል። የራስህ ፊት ተዘግቶብሃላ። ቁማር በቃኝ ያልክ ቀን የእኔ ወጥ ቤት ውስጥ ሆነን፣ ሠንጠረዤን ከፍተን፣ ለእያንዳንዱ ቁማር ቤት «ይህን ሰው ሁለተኛ አታስገቡት» ብለን የጻፍነው አንድ ላይ አይደለም? ፊትህን ፎቶ ያነሳሁህ እኔ ነኝ። ስንጨርስ ጠረጴዛው ላይ ተደፍተህ አለቀስክ። «እቱ፣ ከዚህ በኋላ ብለምናቸውም አይከፍቱልኝም አይደል?» አልከኝ። እኔም አዎ አልኩህ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የኮራሁብህ ጊዜ የለም። አሁንም እኮራብሃለሁ፤ ያ ሰው አንተ ነበርክ፣ ሌላ ሰው አልነበረም።

ማክሰኞ ሲስተር ሲወጡልን አባባን ጠየቅሁት።

«አባባ፣ ይህን ፊት ማዞር ማን ነው ያስተማረህ?»

«ማስተማር ያስፈልገዋል እንዴ? ዕድሜ ልኬን የነዳሁት በምን መሰለሽ?»

«ስልኩ ፊት ማለቴ ነው።»

«ሉድቪክ ነው የሚያስነሳኝ» አለ። «ቀኝ ስፖኪዮ ይለኛል፣ አያለሁ። ግራ ስፖኪዮ ይለኛል፣ አያለሁ። የላይኛውን ይለኛል። ከዚያ ለተሳፋሪው ፈገግ በል ይለኛል።» እጄን ያዘኝ። «ግን አንነሳም። ሁልጊዜ እንደዚሁ ነው። አያለሁ፣ አያለሁ፣ አንነሳም። መኪናው ተበላሽቶ ነው እንዴ ልጄ?»

የጫማውን ክር የማስር መስዬ አጎነበስኩ።

ብልህ ነህ፣ ይህን አልክድህም። ስሙን የሚረሳ ሰው፣ እናታችን ከገበያ ትመጣለች ብሎ የሚጠብቅ ሰው፣ በትክክል የሚያስታውሰው አንድ ነገር ብቻ እንደሆነ አወቅህ። ይነዳት የነበረችውን ቢጫዋን አውቶቡስ። ከሲጂዊ ቫሌታ፣ ከቫሌታ ሲጂዊ። መስታወቱ ጫፍ ላይ የቅዱስ ኒኮላስ ሥዕል፣ ከሥሩ የኛ የሁለታችን ፎቶ። ቀኝ ስፖኪዮ፣ ግራ ስፖኪዮ፣ ከዚያ ቀና ብሎ በላይኛው መስታወት ሰዉን ያያል፣ ፈገግ ይላል፣ «ሁሉም ገብቷል?» ይላል። ያችን ጥያቄ ሳይጠይቅ መኪና አስነስቶ አያውቅም። እሑድ እሑድ ባሕር ሲወስደንም፣ እማማ የማካሮኒ ትሪዋን ጭኗ ላይ ይዛ እኛ ብቻ ሆነን እንኳ፣ ዞሮ ሳያየን በላይኛው መስታወት «ሁሉም ገብቷል?» ይለን ነበር። እኛም «ገብቷል!» ካላልን ንቅንቅ የለም።

አንድ ቀን ልታሾፍበት የኋላ ወንበር ሥር ተደብቀህ ዝም አልክ። ታስታውሳለህ? እኔ ብቻዬን «ገብቷል» አልኩ። አባባ ሞተሩን አጠፋ። ወረደ። ፌርማታውን፣ ምንጩን፣ የኪኒ ለስላሳ መሸጫውን ሁሉ እየዞረ ስምህን ጠራ። ስትወጣለት አልተቆጣህም፤ እንደገና «ሁሉም ገብቷል?» ብሎ ጠየቀ። አሁን ያንኑ ሰው ነው ስፖኪዮ እያሳየህ የምትተወው።

የዚያኑ ቀን ስወጣ ሲስተር ኮንሲልያ በሩ ላይ ያዙኝ። «ልጄ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ወንድምሽ መጥቶ ከሄደ በኋላ ጫማቸውን አላወልቅም ይላሉ። ሞተሩ እየሠራ ነው፣ ሰው እየጠበቀኝ ነው ይላሉ። እንደተጫሙ አልጋ ላይ ይቀመጣሉ። ምን እያላቸው ነው?» አላወቅሁም አልኳቸው። ከዚያ ደግሞ ለእሑድ ጸጥ ያለ፣ ብርሃን ያለው ክፍል እንደጠየቅክ፣ ኮትና ከረባት አልብሱልኝ እንዳልክ፣ ከአውስትራሊያ ዘመዶች በቪዲዮ እንደሚደውሉ ነገሩኝ። ደስ ብሏቸው ነበር የነገሩኝ። ሌላም ጨመሩ። ባለፈው ሳምንት ምሳ ላይ አባባ ሾርባውን መጠጣቱን አቁሞ «እኔ ነኝ፣ በራሴ ፈቃድ ነው የምጫወተው» አለ አሉ። «ካርታ አምጡልን ብለን ሳቅንባቸው» አሉኝ።

እኔ አልሳቅሁም። ያች ዓረፍተ ነገር ከየት እንደመጣች አውቃለሁ። አዞው ብዙ ያሸነፈን ሰው ፊቱን ካረጋገጠ በኋላ ደግሞ በቪዲዮ ያነጋግረዋል። እኔም ለሥራዬ አልፌበታለሁ። ስምህን ይጠይቁሃል፣ የተወለድክበትን ቀን፣ ገንዘቡን ከየት እንዳመጣኸው፣ የምትጫወተው በራስህ ፈቃድ መሆኑን። መጨረሻ ላይ «አጠገብህ የሚነግርህ ሰው አለ?» ይሉና ስልኩን አዙረህ ክፍሉን እንድታሳይ ያደርጉሃል። ሉድቪክ፣ አንተ የት ልትቆም ነበር? መጋረጃው ጀርባ? ቁም ሣጥኑ ውስጥ? ስልኩንስ ማን ሊያዞርልህ ነው፣ ያ እጁ የሚንቀጠቀጠው ሰውዬ?

ማታውን ደወልኩልህ። እውነቱን ከራስህ አፍ ብሰማ ብዬ ነበር።

«እሑድ አባባን አብረን እንጠይቀው?» አልኩህ።

«አንቺ ዛሬ ሄደሻላ። እሑድ የኔ ተራ ነው፣ እረፊ።»

«ኮት አልብሱት ብለሃል አሉ።»

ቴሌቪዥንህን ስትቀንሰው ሰማሁ። «የአክስቴ ልጆች ናቸው፣ ከሜልቦርን። ሊያዩት ፈልገው።»

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ? እዚያ እኮ ያኔ እኩለ ሌሊት ሊሆን ነው።»

«ወይ አንቺ! ሁሉን ነገር ካላረጋገጥሽ እንቅልፍ አይወስድሽም አይደል?» ብለህ ሳቅክ። እኔም ሳቅሁ፣ እግዚአብሔር ይይልኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን በጣም ተናደድኩ። ውሸትህ አይደለም ያናደደኝ። እንዴት እንደቀለለህ ነው።

ገንዘቡን የማወጣው ለአባባ ብዬ ነው እንደምትለኝ አውቃለሁ። የግሉ ክፍል፣ ባሕር የሚያይ መስኮት፣ የተሻለ ሐኪም። እውነትህም ሳይሆን አይቀርም፤ እጅህ ላይ አንዳች ነገር ሲኖር ቶሎ እንደምትሰጥ አውቃለሁ። ግን አንድ ነገር ስማኝ፣ እንደ እህትህ ሳይሆን ሥራዋ ይህ እንደሆነ ሴት። አይከፍሉህም። ዛሬ አባባ እንደ ጎበዝ ተማሪ ሁሉንም ቢመልስላቸው፣ ነገ የመብራት ደረሰኝ ይሉሃል። ከዚያ የባንክ ወረቀት። ከዚያ መታወቂያው ደብዝዟል ይላሉ። በዚህ ሁሉ መሃል አንዲት ነገር አትጠፋም፤ «ማውጣቱን ሰርዝና ጨዋታህን ቀጥል» የምትለው ቁልፍ። በየከፈትከው ገጽ ላይ ትጠብቅሃለች። የሚያዘገዩህ አባባን ተጠራጥረው አይደለም። እስክትጫናት ነው የሚጠብቁህ። እኔ ሳንቲም የማያጓጓኝ ሴትዮ እንኳ፣ ለሥራ ብዬ ስጠብቅ፣ ጣቴ ወደ እሷ ሄዶ ያውቃል። አንተን ደግሞ አውቅሃለሁ።

ከዚህ በላይ የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። እነዚያ ሰዎች አባባን ቢያጋልጡት፣ አጭበርባሪ ተብሎ የሚጻፈው የሱ ስም ነው፣ ናርዱ። ዕድሜውን ሙሉ የተሳፋሪ መልስ ኪሱ ገብቶ የማያውቅ ሰው። እሱ ደግሞ ካሜራው ፊት፣ ማን እንደሆነ በማያውቀው ሰው ፊት፣ ልጄ ያስጠናኝን ረሳሁት ብሎ ሲጨነቅ ይታየኛል። ልብሱ አምሮበት፣ ከረባት አስሮ። ይህን ልፈቅድ አልችልም። አንተንም የምወድህን ያህል፣ ይህን አልፈቅድልህም።

ይህን የምጽፈው ከመውጣታችን በፊት፣ እዚሁ ክፍሉ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጦ ነው። ሁለት ጊዜ «ለማን ነው የምትጽፊው?» ብሎ ጠየቀኝ። ለሉድቪክ አልኩት። «ፊደሉን አስተካክይ፣ እሱ እንደሆነ ማንበብ ይሰንፋል» አለኝ። ካልሲውን ግልብጥ አድርጎ አጥልቋል፣ አላስወለቅሁትም። ጫማው ግን ታስሯል፤ ዛሬ ጫማውን ማድረጉ ትክክል ነው።

ቀጠሮው ካለፈ ጥያቄህን እንደሚሰርዙት አውቃለሁ፤ ሕጋቸውን ሠንጠረዤ ግርጌ የጻፍኩት እኔው ነኝ። ስለዚህ ዛሬ ምን እንደምወስድብህ አውቄ ነው የማደርገው። ልትጮህብኝ ትችላለህ። ለአንድ ወር፣ ለአንድ ዓመት ላታናግረኝ ትችላለህ። ለአዞው ስለ አንተ አንድ ቃል አልጻፍኩም፣ ለሌላም ሰው አልተናገርኩም። ያንን መለያ የምትዘጋው አንተ ነህ፣ ከፈለግህ ወጥ ቤቴ ውስጥ፣ እንደ ያኔው። ጠረጴዛው አለ።

እንግዲህ የት እንዳለን። ወደ መስኮቱ ሂድና መጋረጃውን ግለጠው። ከበሩ ማዶ፣ የመጨረሻው ፌርማታ ላይ አውቶቡስ ቆሟል። ቢጫ አይደለም፣ እንደ ድሮው አያምርም፣ የቅዱስ ሥዕልም የለውም። ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ላይ ወደ ቫሌታ ይነሳል። ሾፌሩ ኔፓላዊ ነው፤ ጠዋት ሄጄ የአባባን ነገር ነገርኩት። ብዙም አልጠየቀኝም። «እናቴም እንደዚሁ ናት» አለኝ። «ፊት ለፊት ያስቀምጧቸው። እሳቸው እንሂድ ካላሉኝ አልነሳም።»

አባባ የፊተኛው ወንበር ላይ ነው። እኔ አጠገቡ ነኝ። ከኋላችን ያለው ወንበር ላይ ቦርሳዬን አስቀምጬ ቦታ ይዤልሃለሁ። ስልክህን እዚያው ኮቱ ላይ ተወውና ውረድ።

ቶሎ በል ሉድቪክ። ቀኝ ስፖኪዮውን ያያል፣ ግራ ስፖኪዮውን ያያል፣ ቀና ይላል፣ ከዚያ «ሁሉም ገብቷል?» ብሎ ይጠይቀኛል። ብቻዬን ምን ብዬ ልመልስለት?

ቦታህን ይዛ የምትጠብቅህ እህትህ፣
ዶሪየት